የቋጠሮው ቤት

ተረት ተረት፤ የመሠረት።

እንስሳት ሁሉ ለአንድ ንጉሥ በሚገብሩበት ዘመን ከደጋ ተነሥቶ ቆላውን የሚያጠጣ ረጅም ቦይ ነበረ። የቆፈረው የአያ ዝሆን አያት ነው። በጥርሱ እየማሰ፣ በእግሩ እየደለደለ ዕድሜውን ፈጀበትና ለልጁ አወረሰው፤ ልጁም ለልጁ። እየዋለ እያደር በዚያ አገር ከሚጠጣው ውሃ ግማሽ ያህሉ በዚህ በአንዱ ቦይ ያልፍ ጀመር። ላሚት የምትጠጣው ከእርሱ ነው፤ የአያ ጎሽ ወፍጮ የሚዞረው በእርሱ ነው፤ ወጌሻዋ ጉሬዛ ቁስል የምታጥበው በእርሱ ነው። ቦዩ በሚያልቅበት፣ መሬቱ በተሰነጣጠቀበት ዳር ደግሞ እመት ፍየል ከሁለት ግልገሎቿ ጋር ትኖር ነበር። ለእርሷ በቀን 2 ቅል ይደርሳታል። አንዱን ለግልገሎቿ ትሰጣለች፣ ከሌላው ግማሹን ትጠጣለች፣ የቀረውን በኮባ ቅጠል ከድና ጥላ ሥር ለነገ ታስቀምጣለች።

ቦዩ የዝሆን ነው፣ አገሩ የአንበሳ ነው። ይህን ሕፃን ሁሉ ያውቀው ነበር። ቦዩ አንድ ቀን ቢዘጋ ነገሩ የማን እንደሚሆን ግን የጠየቀ አልነበረም፤ ተዘግቶ አያውቅማ።

ዝሆን ውሃ የሚሸጠው በማር ነው። ከቦዩ ራስ አጠገብ አንድ ትልቅ ቤት ሠርቶ በውስጡ ለእያንዳንዱ እንስሳ አንድ ገመድ ሰቀለ። አንድ ቅል ውሃ በወረደ ቁጥር በባለቤቱ ገመድ ላይ አንድ ቋጠሮ ይታሰራል። እመት ጃርት ማታ ማታ በእሾኳ ጫፍ እየነካች ትቆጥረዋለች። ቤቱም የቋጠሮ ቤት ተባለ።

በዝሆን አባት ጊዜ የቦዩን 28 በሮች የሚከፍትና የሚዘጋ የውሃ አባት የሚሉት ሽማግሌ ነበር፤ አባ ኤሊ ይባላል። ከበር በር በእግሩ ይሄዳል፣ መዝጊያውን በትከሻው ይገፋል። ዝሆን ቦዩን ሲወርስ ይህ አዝጋሚ ሆነበትና ከየበሩ ረጅም ረጅም ገመድ ስቦ ጫፋቸውን ከቋጠሮው ቤት አመጣው። ከዚያ ወዲያ እቤት ተቀምጦ አንዱን ሲስብ የአንድ ቀን መንገድ ርቆ ያለው በር ይከፈታል፤ መልሶ ሲስበው ይዘጋል።

አባ ኤሊ መጥቶ ጣሪያውን ቀና ብሎ አየ። የሒሳቡ ገመድና የበሩ ገመድ በአንድ ወራጅ ላይ ተጠላልፈው ተሰቅለዋል።

«ልጄ፣ ሒሳብና ውሃን በአንድ ወራጅ ባትሰቅል ይሻላል» አለው።

«አባ ኤሊ፣ አንተ ሳምንት የምትደክምበትን እኔ ቡና እየጠጣሁ እጨርሰዋለሁ» አለ ዝሆን። እውነቱንም ነው። በዚያ ዓመት ውሃው እመት ፍየል ዘንድ ፀሐይ ሳይከር ይደርስ ጀመር፤ እርሷም ዝሆንን መረቀችው።

የቋጠሮው ቤት የፊት በር ጽኑ ነበር። የሚገባ ሁሉ የይለፍ ቃሉን ይናገራል፣ ቀጥሎም የዝሆንን ቀለበት ያሳያል። አንዱ ካለ ሌላው አይበቃም። በስተጓሮ ግን አንዲት ትንሽ በር ነበረች። ድሮ እመት ጥንቸል በቋጠሮ ቆጣሪነት ስትሠራ፣ ከቤቷ እየተመላለሰች እንድትቆጥር የተከፈተችላት ናት። ቀለበት ሳይመጣ በፊት የተሠራች ስለሆነች ቃል ብቻ ይበቃታል። ጥንቸል ሥራውን ከተወች ቆይታለች። በሯን ድፈኑ ብሎ ያዘዘ ስላልነበረ በሯም ቃሉም እንዳሉ ቀሩ።

የጥንቸል ቃል «ጎመን በጤና» የሚል ነበር። እንዳትረሳው ብላ የጎመን ጎተራዋንም የምትከፍተው በዚያው ቃል ነው። አንድ የገበያ ቀን፣ ጎተራዋ ደጃፍ ቆማ «ጎመን በጤና!» ስትል ከጎመን ቅጠል ሥር የተንጠለጠለች አንዲት ትንሽ ሸረሪት ሰማቻት።

ሸረሪቶቹ የሚኖሩት ከወንዝ ማዶ ነው። በእነርሱ ዘንድ አንዲቱ የሰማችውን ሁሉም ይሰማል፤ ክሯን ነካ ስታደርግ ድሩ በሙሉ ይንቀጠቀጣላ። ሥራቸውንም ተከፋፍለውታል። አሮጊቶቹ ይፈትላሉ፣ ወጣቶቹ ክሩን ተከራይተው ሰው ቤት ይገባሉ፣ ከተገኘው 4 ማሰሮ ማር አንዱ ለፈታይዋ ይሆናል። የማዶው ንጉሥ በራሱ ደጃፍ ድር እስካላደሩ ድረስ ወዴት ወጣችሁ፣ ከየት ገባችሁ አይላቸውም ነበር።

በአንበሳ አገር ሌሊት የሚያይ ጉጉት ነው። እርሱም የንጉሥ ዓይን ተብሎ ተሹሞ በተራራው ጫፍ ይቀመጣል። አንድ ሌሊት የማዶው ድር ሲንቀጠቀጥ አየ፣ ጆሮውን ጣል አደረገ፣ የሰማውንም በቅጠል ላይ ጽፎ ወደ ቤተ መንግሥት በረረ። ጸሐፌ ትእዛዙ ቀበሮ ቅጠሉን ተቀብሎ አነበበና ወዲያው በማኅተም አሸገው።

«ጃንሆይ፣ ጉጉት የሚያያቸው መሆኑን ሸረሪቶቹ ካወቁ ዛፍ ይለውጣሉ። ይህ ከዚህ ቤት መውጣት የለበትም» አለ።

«ደግ ብለሃል» አለ አንበሳ። «ግን ለባለ ቦዩ አንድ ነገር ይነገረው።»

ስለዚህ ለአያ ዝሆን ደብዳቤ ተላከ። ዝሆን ደብዳቤውን ቢገልጠው «ይጠንቀቁ» ይላል። ገለበጠው፤ ጀርባው ባዶ ነው። ተነሥቶ ቤተ መንግሥት ሄደ።

«ከምን ልጠንቀቅ?» አለ።

«እርሱ ምስጢር ነው» አለ ቀበሮ።

«እኔን አይመለከትም ማለት ነው?»

«የሚመለከተውስ እርስዎን ብቻ ነው። ነገር ግን የምስጢር ጆሮ የለዎትም።»

የምስጢር ጆሮ የሚሰጠው ጆሮ ተመርምሮ ነው። ምን እንደሰማ፣ ከማን እንደሰማ፣ እናቱስ ከማን ሰምታ እንደነበር ይጠየቃል። የዝሆን ጆሮ ሰፊ ስለሆነ ምርመራው 2 ዓመት እንደሚፈጅ ተነገረው። እሺ ብሎ ጆሮውን አስመዝግቦ ተመለሰ። በዚያ ሌሊት ኩምቢውን ሽቅብ አድርጎ ከቋጠሮው ቤት ፊት ለፊት ቆሞ አደረ። በየት በኩል እንደሚጠነቀቅ ስላላወቀ በሁሉም በኩል ተጠነቀቀ። በ2ኛው ሌሊትም ቆመ። በ3ኛው ተኛ።

ጥቂት ሰነበተና አንድ ጠዋት እመት ጃርት በሚዳቋ ገመድ ላይ የእርሷ ያልሆነ ቋጠሮ አገኘች። አጎንብሳ አየችው። ሦስት ጊዜ ተጠምጥሞ፣ በራሱ ሆድ ውስጥ አልፎ፣ ጭራው ወደ ግራ የወጣ፣ እንደ ሰሊጥ ፍሬ የጠበቀ ነው። በእሾኳ ብትለው አልፈታ አለ። ዝሆን ገመዱን ቆርጦ ከመሬት ቀበረና «እመት ጃርት፣ ይህን አላየሽም» አላት። የአገሩ እንስሳት ቢሰሙ ወደ ሌላ ምንጭ ይሄዳሉ ብሎ ፈራ፤ ንጉሡ ቢሰማ ይቀጣኛል ብሎ ፈራ።

በዚያው ሳምንት አያ ጎሽ ከወፍጮው ቤት አንድ ገመድ አውጥቶ ከዱቄት ጉድጓዱ ሥር ቀበረ። ሦስት ጊዜ የተጠመጠመ፣ ጭራው ወደ ግራ የወጣ ቋጠሮ ነበረበት።

እመት ጦጢት ከዛፍ ዛፍ ስትዘል ሁለቱንም አየች። ወደ ዝሆን ወርዳ፣

«አያ ዝሆን፣ አያ ጎሽም እንዳንተው የቀበረው አለ። ብትነጋገሩ ምን አለበት?» አለችው።

«እንዴት ብለን? ባለ ቦይና ባለ ወፍጮ ተደብቀው ሲያወሩ ከታዩ በዋጋ ተማከሩ ተብለው ይቀጣሉ የሚል አዋጅ አለ» አላት። እውነትም አዋጁ ነበረ፤ በወጣበት ጊዜም ድሃውን ከብዝበዛ ያዳነ አዋጅ ነው። እመት ጦጢት ወደ ጎሽ ሄደች። እርሱም ያንኑ አዋጅ ጠቀሰላት።

ንጉሡ ለአገሩ ቦይ፣ ድልድይና መንገድ ሁሉ ጠባቂ እንዲሆኑ ያቆማቸው ዘበኞች 6 ነበሩ። ከሩቅ አገር ዞረው ዝሆን ዘንድ ደረሱና «ብትፈቅድልን በሮችህን እንይልህ» አሉት። ባይፈቅድ የሚያስገድዱበት ሥልጣን አልነበራቸውም።

«ዘንድሮ በአገሩ በሽታ ገብቷል፤ እንግዳ ወደ ቤት አላስገባም። ሲያልፍ ኑ» አላቸው። ሲያልፍ መጡ። «አሁን ደግሞ ዕቃዬን ወደ አዲስ ቤት እያዛወርኩ ነው፤ ስረጋጋ ኑ» አላቸው። ዘበኞቹ «ፈቃደኛ ነው፤ አልተመቸውም» ብለው ጽፈው ሄዱ። የቋጠሮው ቤት ስንት በር እንዳለው ያን ቀን ቢጠይቁት ዝሆን «አንድ» ይላቸው ነበር። መዋሸቱ አይደለም፤ የጓሮዋን ረስቷታል።

አንድ ሌሊት አንዲት ሸረሪት በጓሮ መጥታ በቀስታ «ጎመን በጤና» አለች። በሯ ተከፈተች።

ከሌሊቱ 11 ሰዓት ገደማ እመት ጃርት ለሥራ ብትገባ ቤቱ ነጭ ሆኖ ጠበቃት። ገመዶቹ ሁሉ አሉ፤ አንድም አልተሰረቀም። ነገር ግን በእያንዳንዱ ቋጠሮ ላይ ሌላ ቋጠሮ ታስሮበታል፤ ሦስት ጊዜ የተጠመጠመ፣ ጭራው ወደ ግራ። ከመካከሉ አንድ ቅጠል ተንጠልጥሏል። «ገመዶችህን ቋጥረናል። ፍቺውን የምናውቅ እኛ ብቻ ነን። 75 ማሰሮ ማር» ይላል። ከሥሩም «እኛ ማር ፈላጊዎች ነን፤ አገር ማስጠማት አሳባችን አይደለም» የሚል ተጨምሮበታል።

ዝሆን ሮጦ መጣ። ቀና ብሎ ወራጁን አየ። ከዚያም እየተንቀጠቀጠ የበሮቹን ገመድ አንድ በአንድ ሳበ። ከ1 ሰዓት ጥቂት ፈቀቅ ሲል 28ቱም በሮች ተዘግተው ነበር። በቦዩ ዘመን ሁሉ እንዲህ ሆኖ አያውቅም።

አባ ኤሊ ቦዩ ውስጥ ገብቶ አንገቱን እስኪነካው ቆመና ውሃውን ቀመሰ። «ልጄ፣ ውሃው ንጹሕ ነው። በሮቹም ደኅና ናቸው። ማንም አልነካቸውም» አለ።

«ወራጁ አንድ ነው፣ አባ ኤሊ። ከሒሳቡ ወደ በሩ አለመሻገሯን በምን አውቃለሁ?»

አባ ኤሊ ዝም አለ።

«ደግሞስ ብለቀው፣ ማን ስንት እንደወሰደ በምን እቆጥራለሁ?» አለ ዝሆን፤ ይህን ያለው ዝቅ ባለ ድምፅ ነው።

ውሃ ቆመ የሚለው ወሬ ከውሃው ፈጥኖ ወረደ። ጎተራ ሙሉ እንስራ የነበረው ሁሉ ሌላ እንስራ ፍለጋ ወጣ። በስልቻ ቀዱ፣ በቅል ቀዱ፣ በቀንድ ዋንጫ ቀዱ። ዕቃ ያለቀበት ቅርጫት ይዞ መጣ። ከቦዩ ጠጥቶ የማያውቀው የምዕራቡ አገር እንኳ፣ የራሱ ምንጭ እየፈሰሰ፣ በ2 ቀን ምንጩን ጨልጦ አደረቀው። መንገዱ ሁሉ ከቅርጫት በሚንጠባጠብ ውሃ ረጠበ። አንበሳ ነጋሪት አስጎሰመ፤ አዋጅ ነጋሪው ከጉብታው ላይ ቆሞ «ስማ! ስማ! የሰማህ ላልሰማ አሰማ! በቅርጫት ውሃ አትቅዳ!» ብሎ ጮኸ። የሰሙት ቅርጫታቸውን በቅጠል ደፍነው ቀዱ።

በቦዩ መጨረሻ እመት ፍየል ያስቀመጠችውን ግማሽ ቅል ለግልገሎቿ በጠብታ እየመጠነች ሰጠች። በ3ኛው ቀን ቅሉን ገለበጠችው፤ ትንሹ ግልገል የውስጡን እርጥበት ላሰ።

የንጉሡ ምክር የታወቀ ነበር፤ ለሸረሪት ማር አይሰጥም። ዝሆን ሸረሪቶች መግባታቸውን ቤቱ ታስሮ በተገኘበት ዕለት ጠዋት ለንጉሡ ውሾች ነገራቸው፤ በማግስቱ ግን ማንንም ሳያማክር 75ቱን ማሰሮ ቆጥሮ ሰጠ። ሸረሪቶቹም ቃላቸውን ጠበቁና የቋጠሮውን ፍቺ አስተማሩት። ዝሆን አንዱን ቋጠሮ በኩምቢው ይዞ እንደተማረው መፍታት ቢጀምር፣ ያ አንዱ እስኪፈታ ፀሐይ ከራሱ ላይ ወደ ምዕራብ አዘነበለ። ቋጠሮዎቹ ብዙ ሺህ ናቸው። በመጨረሻ ቦዩን ያዳነችው እመት ጃርት ናት። እናቷ ያስለመደቻትን ሳትተው፣ የእያንዳንዱን ገመድ አምሳያ እየቋጠረች ከቋጠሮው ቤት ርቆ በሚገኝ ዋሻ ታስቀምጥ ነበር። እርሱን አመጡ። አባ ኤሊም የድሮውን መንገድ ስለሚያውቅ ልጆቹን አስከትሎ አንዳንዱን በር በትከሻው እየገፋ ከፈተ። ውሃው በ6ኛው ቀን መውረድ ጀመረ፤ ከፍየል ደጃፍ እስኪደርስ ግን ሌሎች ቀናት ፈጀ። ቦይ አንዴ ከደረቀ መሬቱ ራሱ አስቀድሞ ይጠጣላ።

ዝሆን ማሩን ከሰጠ በኋላ ያደረገው አንድ ነገር አለ። ማሰሮዎቹ በየት በኩል እንደወጡ፣ በማን ጀርባ እንደተጫኑ፣ የትኛው ዛፍ ሥር እንደወረዱ፣ ሳያፍር ሳይደብቅ ለውሾቹ ነገራቸው። ውሾቹ የጠብታውን ሽታ እየተከተሉ በወሩ ከ75ቱ 64 ያህሉን ከአንድ የዛፍ ጎሬ አውጥተው አመጡ። ታዲያ በዚያ ወር የማር ዋጋ ክፉኛ ወርዶ ስለነበር፣ የተመለሰው ማር ሲሸጥ የተከፈለውን ዋጋ እኩሌታ ያህል ብቻ አወጣ። ቢሆንም ንጉሥና ባለ ቦይ በአንድ መንገድ የሄዱበት ጊዜ እርሱ ነበር።

ከዚህ በኋላ አዋጅ ወጣ። ሸረሪት ቤቱ የገባችበት ሁሉ በ12 ሰዓት ውስጥ ያስታውቅ ተባለ። ለማን? ለውሃው ሹም፣ ለመንገዱ ሹም፣ ለዘበኞቹ አለቃና ለማር ግምጃ ቤቱ። አራቱም የየራሳቸው ቅጠል አላቸው፤ አንዱ በረጅሙ ይጻፋል፣ አንዱ በአጭሩ፣ አንዱ የሸረሪቷን እግር ቁጥር ይጠይቃል፣ አንዱ የገባችበትን ሰዓት በጥላ ርዝመት ይፈልጋል። አንድ ቀን ሸረሪት ብቅ ስትል እመት ጃርት ቅጠሎቹን ልትሞላ ተቀመጠች። 3ኛውን ጨርሳ ቀና ስትል ሸረሪቷ 9 ገመድ አስራ ነበር።

ቀጥሎ ሁለተኛ አዋጅ መጣ፤ የበሮቹን አጠባበቅ የሚያዝ ነው። ሸረሪት እንዳታነበው ተብሎ ታሽጓል፤ የቦዩ ጌታ ብቻ ይክፈተው ይላል። ዝሆን ለብቻው ዘግቶ አነበበው። «የየበሩ መወርወሪያ በየወሩ ይለወጥ» የሚል አገኘ። ዝሆን በር በእጁ ከፍቶ ስለማያውቅ መልካም ትእዛዝ መሰለውና ለአባ ኤሊ ነገረው። አባ ኤሊ በጣቱ ቆጠረ። መወርወሪያ ለመለወጥ በሩ አንድ ቀን ሙሉ ይዘጋል። በሮቹ 28 ናቸው። ወሩ 30 ቀን ነው።

«ልጄ፣ ይህን ከፈጸምን ውሃ የሚወርደው በወር 2 ቀን ነው» አለ።

«ትእዛዝ ነው፣ አባ ኤሊ።»

«እንግዲያ ሄጄ ልንገራቸው» ብሎ አባ ኤሊ ወደ ቤተ መንግሥት መንገድ ጀመረ። ኤሊ ነውና ለመድረስ 1 ዓመት ፈጀበት። ሲደርስ አቧራውን አራግፎ፣ ከዙፋኑ ፊት ቆሞ፣ በር ማለት ምን እንደሆነ፣ መወርወሪያው ሲዝግ ምን ዓይነት ድምፅ እንደሚያሰማ፣ በየትኛው ወር የትኛውን በር መንካት እንደማይገባ ለንጉሡ ነገረው። አንበሳ እስከ ማታ ቁጭ ብሎ አደመጠው። ከዚያም «በሩ እንዴት እንደሚጠበቅ አባ ኤሊ ይንገረን፤ መጠበቁን እኛ እንይ» ብሎ አዋጁን አስለወጠ። አባ ኤሊ ከመመለሱ በፊት አንድ ነገር ብቻ ተናገረ። «ጃንሆይ፣ ከመጻፉ በፊት ብትጠሩኝ ኖሮ ዓመት ቀድሜ እነሣ ነበር» አለ።

አባ ኤሊ ገና በመንገድ ሳለ በቤተ መንግሥት ሌላ ነገር ተሰማ። በዚያ አገር ቁልፍ የሚሠራ አንድ ቀጥቃጭ ነበር፣ ከርከሮ የሚባል። ከወፍጮው ቤት እስከ ወጌሻዋ ደጃፍ፣ ቁልፍ ያልሸጠለት ቤት አልነበረም። የንጉሡ ሰላይ አነር ግን ከ5 ዓመት በፊት አንድ ነገር ደርሶበት ነበር፤ የከርከሮ ቁልፍ ከሥሩ ሁለት ጊዜ መታ ሲያደርጉት ያለ መክፈቻ ይከፈታል። ለከርከሮ ይነገረው ወይስ ይቆይ ተብሎ ተመከረና፣ በማዶ ያሉ ሸረሪቶችም የሚዘጉት በከርከሮ ቁልፍ ነውና፣ አነር ማታ ማታ እየገባ ወሬ እንዲያመጣበት ይቆይ ተባለ። 5ቱን ዓመት ቆየ። በመጨረሻ ይህ የተጻፈበት ቅጠል ራሱ ከቤተ መንግሥት ተሰረቀ።

ያን ጊዜ ለከርከሮ በጆሮው ተነገረው። ከርከሮ ሌሊት ከቀን ቀጥቅጦ ስንጥቁን የሚደፍን ቁራጭ ብረት ሠራና «ቁልፋችሁን አምጡ፤ በነጻ አድሳለሁ» ብሎ አስነገረ። የቻለ አመጣ። አያ ጎሽ «እህል ከገባ በኋላ» አለ። ወጌሻዋ ጉሬዛ «የታመመ አስተኝቼ በር ነቅዬ የት እሄዳለሁ?» አለች። የተሰረቀው ቅጠል በገበያ መካከል ተሰቅሎ ላየው ሁሉ ተነበበ። ከርከሮ በነጻ አድሳለሁ ካለ ልክ በ2ኛው ወር ሸረሪቶች በአንድ ጊዜ በብዙ አገር ወጡ፤ ከሥሩ ሁለት ጊዜ መታ ያደርጋሉ፣ ይገባሉ፣ ከዚያ ቤት ወደሚቀጥለው ይሻገራሉ።

በዚያ ቀን የእመት ፍየል ትንሹ ግልገል ከገደል ወድቆ እግሩ ተሰብሮ ነበር። አዝላ፣ ቦዩን ተከትላ፣ ሽቅብ ስትወጣ አድራ ከወጌሻዋ ደጅ ደረሰች። ደጁ ላይ ሌሎችም ተኮልኩለዋል። ጉሬዛ እጆቿን አጣጥፋ በሩ ላይ ቆማለች። የየመድኃኒቱ ልክ፣ የየበሽተኛው ታሪክ በገመድ የተያዘ ነው፤ ገመዱ ሁሉ ታስሯል። «የቱን ሥር ለማን እንደምሰጥ አላውቅም። ወደ ሌላ ወጌሻ ውሰጂው፣ እህቴ» አለቻት። ፍየል ግልገሏን ከጀርባዋ አውርዳ አየችውና መልሳ አዘለችው። የሚቀጥለው ወጌሻ ከሁለት ኮረብታ ማዶ ነው።

ያን ዕለት ሸረሪቶቹን ያስቆማቸው ንጉሡም ከርከሮም አልነበሩም። አንድ ወጣት ፌንጣ ሣር ላይ ተቀምጦ ሲያዳምጥ ሸረሪቶቹ ወደ ቤት ከመግባታቸው በፊት የማይታወቅ ስም ሲጠሩ ሰማ፤ አቤት የሚል ሲያጡ ይገባሉ። ፌንጣ ያን ስም ለራሱ አወጣና በተጠራ ቁጥር «አቤት!» ይል ጀመር። ሸረሪቶቹ ባሉበት ቆሙ። ማንም አላዘዘውም ነበር።

ከዚህ በኋላ አንበሳ ሁሉንም በዋርካው ጥላ ሥር ሰበሰበ። ዝሆን መጣ፣ ጎሽ መጣ፣ ከርከሮ፣ ወጌሻዋ፣ እመት ጃርት፣ አባ ኤሊም ከነአቧራው መጡ። እመት ፍየል ከዳር ተቀመጠች፤ ግልገሏ እግሩ በቀርከሃ ታስሮ ጭኗ ላይ ተኝቷል። እመት ጥንቸልም እንደ ጎረቤት መጥታ ከኋላ ነበረች።

«እያንዳንዱ የሚያውቀውን ከመካከል ያኑር» አለ አንበሳ። «በዋጋ ተማከራችሁ ተብሎ የሚከሰስ የለም። ተነካሁ ያለም አይቀጣም።»

ለረጅም ጊዜ የተንቀሳቀሰ አልነበረም። ከዚያ አያ ዝሆን ኩምቢውን ዘርግቶ፣ ከመሬት የቀበራትን፣ አፈር የነካትን ቁራጭ ገመድ አውጥቶ ከመካከል አኖረ። አያ ጎሽ አያት፣ ቀና አለ፣ እንደገና አያት። ተነሥቶ ሄዶ፣ ዱቄት የለበሰ ገመድ ይዞ ተመለሰና ከጎኗ አጋደመው። እመት ጃርት አጎንብሳ ሁለቱን በእሾኳ ነካች። ሦስት ጊዜ የተጠመጠመ፣ ጭራው ወደ ግራ።

በዚህ መካከል የጆሮ መርማሪው ከቤተ መንግሥት በኩል ሮጦ መጣ። 2ቱ ዓመት የሞላው ያን ዕለት ነበር። «የአያ ዝሆን ጆሮ ተመርምሮ አልፏል» አለና፣ የታሸገ ቅጠል አቅርቦ እጅ ነሣ። ጉጉት ተራራው ጫፍ ላይ ሆኖ የጻፈው የመጀመሪያው ቅጠል ነው። ጸሐፌ ትእዛዙ ቀበሮ ማኅተሙን ሰበረ። ቅጠሉ ደርቆ ሲገለጥ ተንኮሻኮሸ። ዝሆን ጮክ ብሎ አነበበ።

«የቋጠሮው ቤት። የጓሮ በር። ጎመን በጤና።»

እመት ጥንቸል ሁለት ጆሮዎቿን በሁለት እጇ ይዛ ቁልቁል ሳበቻቸው። የተናገረ የለም። የፍየል ግልገል ብቻ በእንቅልፉ አንድ ጊዜ አቃሰተ።

መሸት ብሎ ነበርና ጉጉት ከተራራው ወርዶ ከዋርካው ቅርንጫፍ ላይ ዐረፈ። በአፉ አዲስ ቅጠል ይዟል፤ ቀለሙ ገና አልደረቀም። ቀበሮ እንደ ልማዱ ተቀበለው፣ እንደ ልማዱ ሰሙን አቀለጠ፣ ማኅተሙን አነሣ። ዝሆን ማኅተሙን አየ። ጎሽ አየ። አንበሳም አየ። የቀበሮ እጅ አየር ላይ ቆመ፤ ሰሙ ጠብ ጠብ እያለ በመሬቱ ላይ ይረጋል።

«ያሁኑስ የማን ቤት ነው?» አለች እመት ፍየል፣ ከዳር ሆና።